ለዐሥር ቀን የሚመጣ እንግዳ

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩትን ቤተ ሰቦች የሚመለከት ነው፤ ሌላውም ሰው ቢያነበው የሚጠቀምበት ይመስለኛል።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ያሉ የአዲስ አበባ ደጆች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለው በአንድ አስተዳደር ሥር ቢሆኑም፣ ሰው ግን እስከ ዛሬ በየስማቸው ይጠራቸዋልና እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ለዋናው ከተማ ቅርብ ናቸው፤ ከደጃቸው ወጥተው ጥቂት ቢራመዱ ደግሞ ገጠሩ ይጀምራል። ስለዚህም ከባሕር ማዶ በማኅበር ሆነው፣ በገዛ ገንዘባቸው ተሳፍረው፣ «ጥቂት ቀን በነጻ እናገልግል፤ አገሩንም እንይ» ብለው የሚመጡ እንግዶች ከሚደርሱባቸው ስፍራዎች መካከል እነዚህ ሦስቱ ይገኙበታል።

የእንግዶቹ የቀን አከፋፈል እምብዛም አይለያይም። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ቀን ይቆያሉ። ከዚህ ውስጥ አራቱን ወይም አምስቱን ቀን የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም ሲቀቡ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ ከሕፃናት ጋር ሲጫወቱ ያሳልፋሉ። በቀረው ቀን አገር ያያሉ። በሰበታ በኩል የወጡ እንደ ሆነ የመናገሻ ሱባን ደን ይጎበኛሉ፤ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የታጠፉ እንደ ሆነ መልካ ቁንጡሬን፣ ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምንና የጢያን ትክል ድንጋዮች ያያሉ። በሱሉልታ በኩል የሄዱ ደግሞ እንጦጦን አይተው፣ ሜዳውን አቋርጠው፣ እስከ ደብረ ሊባኖስ ይደርሳሉ። ከዚያም ስንብት ይሆንና ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ አንዳንዶቹም አልቅሰው ይሄዳሉ።

የእነዚህ እንግዶች ነገር በሁለት ወገን ሲነቀፍ እሰማለሁ። አንዱ ወገን «ለሽርሽር መጥተው አገልግሎት ይሉታል» ይላል። ሁለተኛው ወገን በጎደለው ሁሉ ላይ ገንዘብ ያፈሱልናል ብሎ ይጠብቅና ባላገኘ ጊዜ ያማቸዋል። ሁለቱም አሳብ አልጣመኝም። ሰው በዕረፍት ቀኑ ከቤቱ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ የሰው አገር አፈር ቢቆፍር ምን ክፋት አለው? አገር ማየቱም ነውር አይደለም። እንዲያውም እኔ ብጠየቅ፣ ጉብኝቱ ለመጨረሻው ቀን እንደ መቅሰሚያ ከሚቀመጥ ይልቅ ከሥራው በፊት ይሁን እላለሁ። አዳዲ ማርያምን ዞሮ ያየ ሰው፣ ሊረዳቸው የመጣው ሰዎች አባቶች አለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ማነጽ የቻሉ መሆናቸውን ዐውቆ አካፋውን ያነሣል። እንዲህ ያለ ሰው «ይህን ልሥራላችሁ» ከማለቱ በፊት «የት ልቆፍር?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህች «የት ልቆፍር?» የምትለው ጥያቄ ናት የነገሩ ሁሉ መነሻ። የእኛ አገር ገበሬ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ደቦ የሚለው ሥራ ሥርዓቱ እንዴት ነው? ባለ እርሻው ሥራው የሚደርስበትን ቀን ዐውቆ ጎረቤቱን ይጠራል። የተጠራውም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ባለ እርሻው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፣ ምግብና መጠጥ ያዘጋጃል፣ ራሱም ከፊት ሆኖ ያጭዳል። ሳይጠራ ሰው ማሳ ገብቶ የሚያጭድ የለም፤ ቢኖር ባለ እርሻው በምን ዓይን እንደሚያየው መገመት አያዳግትም። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ማኅበር ግን ብዙ ጊዜ የምንቀበለው ያለዚህ ሥርዓት ነው። ሥራውን የሚመርጡት እነርሱ ወይም በመካከል ያለው አስጎብኚ ይሆናሉ፤ እኛ ባለ ማሳዎቹ ዳር ቆመን እናያለን፤ ሲጨርሱም እናጨበጭባለን።

ጥሪ የሌለበት በጎ ሥራ ምን ያህል ሊሰናከል እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ በአውሮፓ አለ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጆች 1920፣ ፒየር ሴሬሶል የሚባል የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ጥቂት ፈቃደኞችን ይዞ በቬርደን አቅራቢያ ወዳለችው ወደ ኤን መንደር ሄደ። መንደሪቱ በጦርነቱ ፈርሳ ነበር። ከፈቃደኞቹ መካከል ጀርመናውያን ነበሩባቸው፤ አሳቡም ትናንት ጠላት የነበረው ዛሬ በእጁ ጡብ ተሸክሞ ይካስ የሚል ነበር። ማለፊያ አሳብ ነው። በክረምቱ ብርድ ቤት ሠሩ፣ መንገድ ጠገኑ። ነገር ግን ወራት ካለፉ በኋላ የአካባቢው ባለ ሥልጣኖች ጀርመናውያኑን ስላልወደዷቸው ሥራው ሳይፈጸም ተቋረጠ። ልጆቿን በጦርነቱ ያጣች መንደር የገዳይዋን ወገን በደጃፏ ማየት ቢከብዳት ማን ይፈርድባታል? ማኅበሩ ግን ከዚህ ተምሮ በሌላ ስፍራ ሥራውን ቀጠለ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች አለ።

በእኛም አገር ከባሕር ማዶ የመጡ ፈቃደኞች ታሪክ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1953 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች በ1955 ዓ.ም. አዲስ ዓመት አካባቢ ደረሱ። ቁጥራቸው ወደ 280 ይጠጋ ነበር፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆኑ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ሲማሩ ከርመዋል። የተመደቡትም መንግሥት መምህር አጣሁ ባለበት ስፍራ ነው። ከሰበታ አልፎ በዚያው በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ በአገሩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በፈረንጆች 1992 ለፕሬዚዳንትነት እስከ መወዳደርም ደረሰ። እንግዲህ ወሊሶ ከእርሱ ተምራለች፤ እርሱም ከወሊሶ ሳይማር አልቀረም። የእነዚህ ሰዎች ቆይታ ሁለት ዓመት ነበርና ከዐሥር ቀኑ እንግዳ ጋር በዕድሜ አይወዳደርም። ሊወዳደር የሚችለው አመጣጣቸው ነው፤ ተጠርተው፣ ቋንቋ ይዘው፣ በታወቀ ጉድለት ላይ ተመድበው መጡ።

በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ ሲወጣ በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማእከል ደግሞ ሌላ ዓይነት ምሳሌ ነው። ሌናርድ ቼሻየር የሚባለው የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን በናጋሳኪ የአቶም ቦምብ ሲጣል በታዛቢነት በአየር ላይ ሆኖ ያየ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሕሙማንን የሚያስጠጋ ቤት በአገሩ ከፈተ፤ የዚሁ ሥራ ቅርንጫፍም በፈረንጆች 1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በፖሊዮ ምክንያት እግራቸው የሰለለ ሕፃናትን መርዳት ጀመረ። አንድ ሕፃን በእግሩ ይቆም ዘንድ የእግር ብረት ያስፈልገዋል፤ ብረቱንም የሚሠራ ባለ ሙያ፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ደግሞ የሚለውጥለት። ይህን የዐሥር ቀን እንግዳ አያደርገውም። እዚያው ውሎ የሚያድር የአገር ሰው ነው የሚያደርገው፤ እንግዳው የሚያደርገው ለዚያ ሰው መሣሪያውን ማቀበል ነው።

ይህን ስናወራ እኛን ሁልጊዜ ተቀባዮች፣ እነርሱን ሁልጊዜ ሰጪዎች አድርጎ የሚያስብ አንባቢ እንዳይኖር የኮሪያን ነገር ላስታውስ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ጦር አባሎች በየተራው ሲቆጠሩ ከ6,000 በላይ ነበሩ። ከተኩሱ ማብቃት በኋላም በዚያው ሰንብተው የነበሩት ወታደሮቻችን በዶንግዱቾን ወላጅ አጥ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት ይዘው ከደመወዛቸው እያዋጡ ይረዱ እንደ ነበር ኮሪያውያን እስከ ዛሬ ያነሣሉ። በቹንቾን ከተማም ለዘማቾቹ መታሰቢያ ቆሟል። ዛሬ ከኮሪያ የሚመጣ ወጣት ፈቃደኛ በቤታችሁ ቢቀመጥ ይህን ታሪክ ልጆቻችሁ በፊቱ ቢነግሩት መልካም ነው። የአያቱን ባለ ውለታ አገር መጎብኘቱን ሲያውቅ አካሄዱ ይለወጣል፤ የልጆቻችሁም አንገት ቀና ይላል።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ፤ በተለይም ወደ ችግኙ፤ ምክንያቱም ብዙ ጉልበት በከንቱ የሚፈስሰው በእርሱ ላይ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ተብሎ ይነገራል። ተካዩ ማንም ይሁን ማን፣ ጥዱና ዝግባው ለዛሬ የደረሰው በተተከለበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ምሳር እንዳይገባበት በተከለከለው በእያንዳንዱ ዘመን ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ደኑን ማን እንደ ተከለው ይጠይቁኛል፤ ማን እንደ ጠበቀው የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

ችግኝ የሚተከልበት ጉድጓድ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በግንቦት ተቆፍሮ አፈሩ ፀሐይና አየር ቢያገኝ ይመረጣል። ተከላው ዝናቡ መሬቱን አጥግቦ ከያዘ በኋላ፣ በሐምሌ ነው። ችግኙ የበቀለበት ላስቲክ ተቀድዶ መውጣት አለበት፤ ይህን ቸል ብሎ ከነላስቲኩ የሚቀብር ሰው አይቻለሁ፤ ሥሩ ታንቆ ይቀራል። በሱሉልታ ሜዳ ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር ማፋሰሻ ካልተበጀለት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ይመጣል። ከውርጩ የተረፈውን ከብት ያገኘዋል። ስለዚህ አንድ ማኅበር በአንድ ከሰዓት በኋላ 200 ችግኝ ተክሎ ቢሄድ፣ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። አጥሩን የሚያጥረው ማን ነው? በጥር ውኃ የሚያጠጣውስ? የእነዚህ ሰዎች ስም አስቀድሞ ካልታወቀ 200 ጉድጓድ ከመቆፈር 30 ቆፍሮ ማጠር ይሻላል።

የጊዜውም ነገር መታሰብ አለበት። የፈረንጆች ረጅም የዕረፍት ወራት የእኛ ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ለተከላ ጥሩ ጊዜ ያገኛል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ተዘግቷል። ላስተምር ብሎ የመጣ እንደ ሆነ የሚያስተምረው አያገኝምና፣ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ለልደታቸው በዓል ዕረፍት፣ ማለት በታኅሣሥ፣ የሚመጣው ደግሞ ተማሪዎቹን በክፍላቸው ያገኛቸዋል፤ መሬቱ ግን ደርቋል፤ ያን ጊዜ ችግኝ መትከል ችግኙን መግደል ነው። ቀለም መቀባትም በተቃራኒው በክረምት አይሆንም። ዝናብ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ቀለም አይዝም፤ ኅዳር ሳይደርስ ይላጣል። ስሟን የማልጠራት አንዲት ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ በሁለት ማኅበር ቀለም ተቀብታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በክረምት። የግቢዋ የውኃ መሳቢያ ግን በአንድ ጎማ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ነበር። እንግዶቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ጎማውን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በእንግዳ ፊት ጉድለታችንን መናገር ያሳፍረናል፤ «ሁሉ ደኅና ነው» እንላለን፤ እንግዳውም ደኅና የሆነውን ግድግዳ ቀብቶ ይሄዳል።

በሰበታ እንዳለው መርሐ ዕውራን ያለ፣ ማየት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምር ቤት ሲጎበኝም እንዲሁ ነው። በዐሥር ቀን ብሬል ማስተማር አይቻልም። ወፍራሙን የብሬል ወረቀትና መውጊያውን ግን በሻንጣ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ መጻሕፍትን ድምፁን ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ አንብቦ መቅዳትም ይቻላል፤ ቅጂው እንግዳው ከሄደ በኋላም ያገለግላል። ምን እንደሚፈለግ መምህራኑን ቀድሞ የጠየቀ ሰው በከንቱ አይደክምም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ወላጅ አጥ ልጆች በሚያድጉበት ቤት አንድ ማኅበር ገብቶ ለአንድ ሳምንት ያቅፋል፣ ያጫውታል፣ ያስለምዳል፤ ከዚያም ይሄዳል። በወሩ ሌላ ይመጣል፤ እንደዚያው ያደርጋል። ትልቅ ሰው ይህን እንደ እንግድነት ይቈጥረዋል። እናትና አባቱን ያጣ የ4 ዓመት ሕፃን ግን የሚቈጥረው እንደ ሌላ ማጣት ነው። ብዙ ልጆች ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ በዓይኑ ይለየዋል፤ ለሁሉ ይስቃል፣ በማንም አያምንም። ስለዚህ እንግዶቹ ጉልበታቸውን በኩሽናው፣ በልብስ አጠባው፣ በግቢው አጥር ላይ ቢያውሉት፣ ሞግዚቲቱ ደግሞ በዚያ በተረፋት ሰዓት ልጆቹን ብታቅፋቸው፣ ለልጆቹ የሚበጀው ይህ ነው። ፎቶግራፉም እንዲሁ፤ የራሳችንን ልጅ ንፍጡ ሳይጠረግ ማንም እንዲያነሣው አንፈቅድም፤ የሰውንም ልጅ አናስነሣ።

በጎጃም መንገድ የተጓዘ ሁሉ ልጆች መኪና ባዩ ቍጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ላስቲክ ለማግኘት ሲሮጡ አይቷል። ከመስኮት ከረሜላና እስክሪብቶ የሚወረውር እንግዳ ርኅራኄ ያደረገ ይመስለዋል፤ የሚያስተምረው ግን ሩጫውን ነው፤ ያውም መኪና በሚከንፍበት አውራ ጎዳና ላይ። እስክሪብቶው ለመምህሩ ቢሰጥ በክፍል ውስጥ ለሚገባው ይደርሰዋል። እንግዳውን ይዞ የሚሄደው የአገሩ ሰው ይህን በትሕትና ሊነግረው ይገባል፤ ቢነገረው የሚቀየም እንግዳ እምብዛም አላየሁም።

ቤታችሁ ለምትቀበሏቸው እናቶች ደግሞ ጥቂት ልበል። እንግዳው የጾም ቀን ቢገጥመው ሥጋ ፍለጋ አትጨነቁ። ሽሮውንና ምስሩን አቅርባችሁ የጾሙን ምክንያት በሁለት ቃል ብታስረዱት በደስታ ይበላል፤ ለአገሩም ሰው የሚያወራው ይህን ነው። ቡናውን ስታፈሉ ሦስተኛዋ እስክትደርስ ያስቀምጡት፤ ሥራ ያለበት ቀን ቢሆን እንኳ። በዚያች ሰዓት ነው ስለ ውኃ መሳቢያው ጎማ የሚወራው። እንግዳውም ስለ ራሱ አገር ይጠየቅ፤ እናቱ በሕይወት እንዳለች፣ አባቱ ምን እንደሚሠራ። በእኛ ዘንድ ሰውን ሰው የሚያደርገው ጥያቄ ይህ ነውና፣ ያልተጠየቀ ሰው እንደ ዕቃ ይቈጠራል።

የራሳችንም ወጣቶች ከዚህ ሥራ ውጭ መሆን የለባቸውም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ ማስተማር እንዲያገለግሉ ሥርዓት ሠርቶ ነበር፤ በዚያ አገልግሎት የተማሩ ሰዎች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። አሁንም በየክረምቱ ወጣቶች ተሰብስበው የደካማ አሮጊቶችንና ሽማግሎችን ጎጆ ይጠግናሉ። ከባሕር ማዶ የመጣው ማኅበር ለብቻው ከሚሠራ ከእነዚህ ጋር ቢቀላቀል፣ አንዱ ፈረንጅ አንዱ የሰፈር ልጅ ሆነው በአንድ ቃሬዛ ጭቃ ቢሸከሙ፣ ማን ማንን እንደሚረዳ ለመለየት ያስቸግራል። እንግዳው ሲሄድም ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ይቀራል።

ስለዚህ የዕድር ዳኞች፣ የወላጆች ኮሚቴ አባሎችና የትምህርት ቤት ዲሬክተሮች፣ ማኅበር ሊመጣባችሁ ነው ሲባል ከ3 ወር በፊት አንዲት ገጽ ጻፉላቸው። የምንፈልገው ይህ ነው፤ የማንፈልገው ይህ ነው፤ ከእናንተ ጋር የሚሠሩት የእኛ ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ ከሄዳችሁ በኋላ የሚጠብቀው እገሌ ነው በሉ። ከመካከላቸው ይህን አንብቦ ሌላ ስፍራ የሚመርጥ ቢኖር በሰላም ይሂድ።

ከሄዱም በኋላ አንድ ደብዳቤ ይቀራል። ጥር ላይ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዛችሁ ውጡና የጸደቁትን ችግኞች አስቈጥሯቸው። ከተተከለው 200 ውስጥ 60 ብቻ ቢገኝ 60 ብላችሁ ጻፉ፤ 120 አታድርጉት። ለምን እንደ ደረቀም ጨምሩበት፤ ውርጭ ይሁን፣ ከብት ይሁን፣ የሚያጠጣ ጠፍቶ ይሁን። ደብዳቤውን መምህሩ አያዘጋጅላቸው፤ ልጆቹ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ እርሱ ስሕተቱን ያርምላቸው።